«አንድ ቀን ብቀር ይረሱኛል» ላሉት እናት

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ዓምድሽን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ።

ዕድሜዬ 67 ነው። ስሠራ የኖርኩት ሒሳብ ክፍል ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከደም ግፊት ኪኒኔ በቀር ጤናዬ ደህና ነው። ብርድ ሲሆን ብዙም አልወጣም። በጋ ሲገባ ግን ቤት አያስቀምጠኝም። ሰኞና ዓርብ የልጅ ልጆቼን ከጠዋት እስከ ማታ እይዛለሁ። ማክሰኞ የእግር ጉዞ ቡድን አለን። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ተነስተን እስከ 6 ሰዓት እንጓዛለን። ረቡዕ ዋና ነው። ከዋናው በኋላ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ጥላ ሥር ቁጭ ብለን የሆድ የሆዳችንን እናወራለን። ሐሙስ የጡረተኞች ክበብ ነው። ሒሳብ ታውቃለች ብለው የክበቡን ገንዘብ እኔ ላይ ጥለውታል። ቅዳሜ ክበቡ በአውቶቡስ ሽርሽር ይወስደናል። እሑድ ደግሞ ልደት ነው፣ ሠርግ ነው፣ የታመመ መጠየቅ ነው፤ አንድ ነገር አይጠፋም።

ልጄ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ያንከራትትሻል? ይሄ ፀሐይ ይገድልሻል፤ አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ» ትለኛለች። ባለቤቴም ጡረተኛ ነው። እሱ ቤቱን ይወዳል። «ና አብረን እንሂድ» ስለው «አንቺ ሂጂ፣ እኔ ደህና ነኝ» ይለኛል። ማታ ስገባ ሬዲዮውን ይዘጋና «እንዴት ዋልሽ?» ይለኛል። እኔ ግን ደክሞኝ ስለምመጣ ቶሎ እተኛለሁ።

አንድ ነገር ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ባለፈው ቅዳሜ ከሽርሽር ተመልሰን ከአውቶቡስ ስወርድ አዞረኝ። በሩን ተደግፌ ትንሽ ቆምኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ጠዋት መነሳቱ ራሱ ያስጠላኛል። ግን አንድ ቀን ብቀር በሚቀጥለው አይጠሩኝም፣ ይረሱኛል እያልኩ እነሳለሁ። አበዛሁት እንዴ? ወይስ ልጄ ያለ ጊዜዬ ልታስረጀኝ ነው?

ደግሞ አንድ ትንሽ ጥያቄ አለችኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሁልጊዜ አጠገቤ የምትቀመጥ ሴት አለች። ደርሶ መልስ የምታወራኝ ስለ ጉልበቷ ሕመም ብቻ ነው። ምን ላድርጋት?

ቤት የማያስቀምጣት ጡረተኛ»

መልስ

ውድ እናቴ፣

አበዛሁት ወይ ወዳሉት እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ማዞሩ። እሱ ከሽርሽርም ከልጅዎም ከእኔም ምክር ይቀድማል። በዚህ ሳምንት ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። የሚወስዷቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነማሸጊያቸው በቦርሳ ይዘው ይሂዱ። «ባለፈው ቅዳሜ ሙቀት ላይ ውዬ፣ ከአውቶቡስ ስወርድ አዞረኝ» ብለው ልክ ለእኔ እንደጻፉልኝ ይንገሩት። «ደህና ነኝ፣ ለቼክአፕ ነው የመጣሁት» ብለው እንዳይጀምሩ አደራ። እንደ እርስዎ ያሉ ብርቱ ሰዎች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሕመማቸውን የመርሳት አመል አላቸው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምን እንደሆነ ልነግርዎ አልችልም። ነገሩ የት ሊሆን እንደሚችል ግን ይታወቃል። ሲሞቀን ሰውነት ሙቀቱን ለማውጣት ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋቸዋል። በዚያ ላይ ላብ ውሃችንን ይወስደዋል። ያኔ የደም ግፊት ዝቅ ይላል። የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ቀድሞውንም ግፊቱ እንዲወርድ ተደርጓል። ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ድንገት ብድግ ሲል ደሙ ወደ እግር ይወርድና ጭንቅላት ለአፍታ ያጥረዋል። ኪኒኑ ውሃ በሽንት ከሚያስወጡት ዓይነት ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ሐኪሙ በሙቀት ወራት መጠኑን ማየት ሊፈልግ ይችላል። እርስዎ ግን በራስዎ ፈቃድ አንድም ኪኒን እንዳያቋርጡ። ግፊትን ዝም ብሎ መልቀቅ ከማዞር የከፋ ጣጣ አለው።

ሌላም አለ። ዕድሜ ሲገፋ የውሃ ጥም ስሜት ይደክማል። ሰውነት ውሃ አጥሮት እያለ አፍ «ጠማኝ» አይልም። ላብም እንደ ወጣትነት አይወጣም፤ ስለዚህ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ይከብደዋል። ስለዚህ ጥም አይጠብቁ። ከቤት ሳይወጡ ይጠጡ፤ መንገድ ላይም በየመሐሉ ጎንጨት ይበሉ። የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ኖሮበት «ፈሳሽ ቀንስ» የተባለ ሰው ብቻ መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ። መጸዳጃ ቤት አይገኝም ብለው በሽርሽር ቀን ውሃ የሚቀንሱ ሴቶች ብዙ ናቸው። እርስዎም ከእነሱ አንዷ ይመስሉኛል። ከሆነ፣ አውቶቡሱ የት የት እንደሚቆም አስቀድመው ይጠይቁ እንጂ ውሃውን አይቀንሱ። ከአውቶቡስ ሲወርዱም እግርዎን ትንሽ አንቀሳቅሰው፣ ሰው አስቀድመው፣ ቀስ ብለው ይውረዱ።

ሙቀት ላይ የዋለ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ወይም ራሱን ከሳተ ግን «ትንሽ ይረፍ» አይባልም። የድንገተኛ ሕክምና ይጠራል። እስኪመጡ ጥላ ማስገባት፣ ልብስ ማላላት፣ በውሃ ማቀዝቀዝ ነው። ይህንን ለቡድንዎ ሁሉ ይንገሩ።

አሁን ወደ ልጅዎ ልምጣ። «ፀሐይ ይገድልሻል» ማለቷ ሙሉ በሙሉ ማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በጋ አውሮፓን የመታው ሙቀት ከ70,000 በላይ ሰው እንደገደለ ይገመታል። አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ ነበሩ። «አርፈሽ ቤት ተቀመጪ» የሚለው መድኃኒቷ ግን ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ቺካጎ ላይ በጥቂት ቀናት ሙቀት ከ700 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ አጥኚዎች እነማን እንደሞቱና እነማን እንደተረፉ አነጻጸሩ። ይበልጥ የተጎዱት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑና በየቀኑ ከቤት የማይወጡ ነበሩ። በቡድን የሚሰባሰቡ ወይም በአካባቢያቸው ጓደኛ ያላቸው ሰዎች ደግሞ አደጋው ቀንሶላቸው ተገኘ። እርግጥ ከቤት የማይወጣ ሰው ድሮውንም ታሞ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ነገሩ ግልጽ ነው። ቤት ራሱ ሊግል ይችላል፤ ብቻውን ያለን ሰው ደግሞ ቢወድቅ የሚያየው የለም። የማክሰኞ ቡድንዎ ከሙቀት ይጠብቅዎታል እንጂ ጠላትዎ አይደለም።

ጠላትዎ ሰዓቱ ነው። በጠራራ ፀሐይ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት መጓዝ ምን ይሉታል? ፀሐይ የምትበረታው በግምት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። ቡድኑ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሳ 3 ሰዓት ላይ ጨርሳችኋል። ሐሳቡን ግሩፑ ላይ ያቅርቡት። እርስዎ ሲናገሩ «እኔም እኮ ልል ነበር» የሚል ሰው እንደሚመጣ እወራረዳለሁ። ሰው ሁሉ ሌላው ያልደከመው እየመሰለው ነው የሚጓዘው። ማን ቀድሞ ይተንፍስ ነው ነገሩ። እንቢ ካሉ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ካላቸው ከሁለት ሦስቱ ጋር ቀደም ብለው ይውጡ። አየሩ እርጥበት ያለው ሲሆን ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ሰውነት አይቀዘቅዝም። እንዲህ ያለ ቀን ላይ መንገዱን ማሳጠር ወይም ጭራሽ መተው ነውር የለውም።

ቀላሉ ክፍል እዚህ ላይ አለቀ። አሁን ወደ ከባዱ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰባት ቀን ነገሩኝ፤ ከሰባቱ አንድ ባዶ ቀን የለም። ስለ ማክሰኞ ሰዓቱን ነገሩኝ። ስለ ሐሙስ ሸክሙን ነገሩኝ። ስለ ቅዳሜ አውቶቡሱን ነገሩኝ። ስለ ረቡዕ ግን ጓደኛዎን ነገሩኝ። ዋናውን አንድ ቃል ብለው አልፈው፣ ጥላ ሥር ስለመቀመጡ ጻፉልኝ። በእኔ ግምት ከሳምንቱ ሙሉ የእርስዎ የሆነው ያ ነው። ሌሎቹ ውስጥም ደስ የሚልዎ ነገር ይኖራል። ግን እነሱ የሚያስነሱዎት በሌላ ጉልበት ነው። በምን እንደሆነ ደግሞ ራስዎ ጽፈውልኛል፦ «አንድ ቀን ብቀር ይረሱኛል»።

ይህ ፍርሃት የእርስዎ ብቻ አይደለም። ዴቪድ ኤከርት የተባለ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ጡረተኞች ለምን ሁልጊዜ «ቢዚ ነኝ» እንደሚሉ ጽፎ ነበር። እንደ እሱ አባባል ሥራ ወዳድነትን ሲያከብር የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ያንን ክብር ጥሎት አይወጣም። ይዞት ይወጣል። ስለዚህ በሥራ ፋንታ መሯሯጥን ይተካና «አሁንም ቁም ነገር አለኝ» ለማለት ይጠቀምበታል። የሚገርመው፣ ሰዎቹ በእርግጥ ምን ያህል መሥራታቸው አይደለም ዋናው። ሥራ መፍታት እንደ ነውር መታየቱ ነው።

እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ሰዓት ፈርመው የገቡ ሰው ነዎት። የቀረ ሰው «ለምን ቀረህ?» ይባላል፤ ይቀጣል። ያ ልማድ በሦስት ዓመት አይለቅም። ሽርሽር ላይ ግን የሰዓት መቆጣጠሪያ የለም። ማንም ደመወዝዎን አይቆርጥም።

«እሺ፣ ግን በእርግጥ ቢረሱኝስ?» ይሉኝ ይሆናል። መልሼ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። በዚህ በጋ ከማክሰኞው ጉዞ የቀረ ሰው የለም? ይኖራል፤ አንድ ሳምንት አንዱ፣ ሌላ ሳምንት ሌላው ይቀራል። እርስዎ ረሷቸው? በሳምንቱ ሲመጡ «የት ጠፋህ?» ብለው አብረው ተጓዙ እንጂ። ሰዎችም ለእርስዎ ያንኑ ያደርጋሉ። ቀርተው የማይጠየቁበት ቦታ ካለ ደግሞ አሁኑኑ ማወቁ ሳይሻል አይቀርም። ቀሪውን በጋዎን እዚያ አያጠፉትም።

ሰው ለመፈተን ብለው ግን ድምፅዎን አጥፍተው እንዳይቀሩ። እሱ የልጅ ጨዋታ ነው፤ የሚያስቀይመውም ራስን ነው። አስቀድመው ይናገሩ። «በዚህ ሳምንት አልመጣም፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ እንገናኝ» ይበቃል። ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። «ትንሽ አሞኝ ነው፣ እንግዳ መጥቶብኝ ነው» እያሉ አይፍጠሩ። ምክንያት የሰጡት ሰው ምክንያቱን ሊፈታልዎ ይመጣል፤ ያኔ ከአልጋ ተነስተው እንግዳ ሊፈልጉ ነው። ደግሞ በዋዜማው ማታ አይንገሯቸው። ቀደም ብሎ የተነገረ «አልመጣም» ማንንም አያስቀይምም። ሰው የሚቀየመው መኪና አስነስቶ እየጠበቀ ሲቀሩበት ነው።

ላውራ ካርስተንሰን የተባለች የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር በዚህ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ሠርታለች። ሰው ዕድሜው ሲገፋና ከፊቱ ያለው ጊዜ አጭር መሆኑን ሲያውቅ የወዳጆቹን ብዛት እየቀነሰ፣ ለልቡ የቀረቡትን እያስቀረ ይሄዳል ትላለች። ያንን የሚያደርገው አቅም አንሶት ወይም ተገፍቶ ሳይሆን መርጦ ነው። በስሜቱም ብዙ ጊዜ ከወጣቶች የተሻለ ይረጋጋል። እርስዎ አንዳንድ ጠዋት መነሳት ማስጠላቱን እንደ እርጅና ምልክት ፈርተውታል። እኔ ግን ልብዎ ምርጫ ጀምሮ እግርዎ ገና አልሰማም ብዬ ነው የማነበው። መውጣቱ ሁሉ ከሳምንታት በላይ ቢያስጠላዎት፣ ረቡዕም ሳይቀር፣ ምግብና እንቅልፍም ቢጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያንንም ለዚያው ሐኪም ይንገሩት።

እና ምን ይቅር? የእግር ጉዞው ይቆይ፤ ሰዓቱ ይቀየር እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛን መጠበቅንና ጡንቻን የሚያጠነክር ነገር ቢኖርበት መውደቅን ይከላከላል ይላል። ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ ከዚህ ትልቁን ድርሻ ይሸፍኑልዎታል። የልጅ ልጅ ማባረርም ይቆጠራል፤ ያውም አጥብቆ። ረቡዕን ማንም እንዳይነካት። ሠርግ ቢሆን እንኳ ከዋና በኋላ ይደረስበታል።

ሐሙስ ግን ልቤን ነካኝ። ከሥራ በበር ወጡ፤ ሥራው በመስኮት ገባ! ዕድሜ ልክዎን የሰው ገንዘብ ሲቆጥሩ ኖረው፣ አሁን ደግሞ ያለ ደመወዝ ይቆጥራሉ። ደስ ብሎዎት ቢሆን ኖሮ «ጣሉብኝ» አይሉም ነበር። ለኮሚቴው ቀን ቆርጠው ይንገሩ። «እስከ ወሩ መጨረሻ እይዛለሁ፤ እስከዚያው ሰው ምረጡ፤ አስረክባለሁ፤ አንድ ቀን ቁጭ ብዬም አሳየዋለሁ» ይበሉ። «ሰው ከጠፋ...» የሚለውን ቃል ከአፍዎ እንዳያወጡ። ሰው ሁልጊዜ ይጠፋል፤ እርስዎ እስካሉ ድረስ። ገንዘብ ነውና ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ ይህን ለእርስዎ መንገር ግን ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከዚያ በኋላ ክበቡ ሲሄዱ እንደ ሰው ሻይ ጠጥተው፣ ካርታ ተጫውተው ይመለሳሉ።

ቅዳሜን በየሳምንቱ ከመሄድ ይምረጡ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚያስውል ጉብኝት ከሆነ ይለፍዎ። ጥላና ውሃ ያለበት፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚታይ ሙዚየም ዓይነት ከሆነ ይሂዱ። ዝርዝሩን ቀድመው ይጠይቁ፤ አዘጋጆቹም ቢጠየቁ አይጠሉም። እሑድ የሰው ደስታና ሐዘን ነው፤ እሱን እኔ አልቆርጥልዎም። ለአንድ ሰዓት ደርሶ መመለስ እንደሚቻል ግን ያውቃሉ።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ቀን ባዶ ይተዉ። ሐሙስ ሊሆን ይችላል፣ ቅዳሜ ሊሆን ይችላል። አደራዎን ታዲያ «ባዶ ቀን» ብለው ጓዳ ማጽዳትና ቁም ሣጥን ማራገፍ እንዳይጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያቁነጠንጥዎታል። ስልኩን አንስተው ግሩፑ ላይ ማን የት እንደሄደ ያያሉ፤ ፎቶ ይለጠፋል፣ ሁሉም እየሳቁ ነው፣ እርስዎ የሉበትም። ያ ስሜት ያማል። ከቻሉ በዚያ ቀን ግሩፑን ድምፁን ያጥፉት። ፎቶ ላይ ሁሉም ይስቃል፤ ላብና የአውቶቡስ ጥበቃ ፎቶ ውስጥ አይገባም።

አሁን ባለቤትዎ። እኔ እሳቸውን አላውቃቸውም፤ ግን አንድ ነገር ጽፈውልኛል። ሲገቡ ሬዲዮውን ዘግተው «እንዴት ዋልሽ?» ይላሉ። ወሬ የማይፈልግ ሰው ሬዲዮውን አይዘጋም፤ ድምፁን ከፍ ነው የሚያደርገው። እርስዎ በሩ ላይ ሲደርሱ የእሳቸው ቀን ይጀምራል፤ የእርስዎ ደግሞ ያልቃል። እሳቸው የማይወዱት ምናልባት ሃያ ሰው ያለበትን አውቶቡስ ነው እንጂ እርስዎን አይደለም። ስለዚህ «ና ከቡድኑ ጋር እንሂድ» የሚለውን ይተዉት። አመሻሽ ላይ ፀሐይ ስትበርድ «ና ትንሽ ዞር ዞር እንበል፣ ሁለታችን ብቻ» ይበሏቸው። የሚሄዱበትን እሳቸው ይምረጡ። «አይ፣ ቤት ይሻለኛል» ካሉም ይተዋቸው፤ ደጅ ላይ ወንበር አውጥቶ መቀመጥም መውጣት ነው። ቤት መውደድ ሕመም አይደለም። ግን ድሮ የሚወዱትን ነገር ሁሉ ትተው፣ የሚጠይቃቸውም ሰው ጠፍቶ ከሆነ፣ ዝምታቸውን «ደህና ነኝ» በሚለው ብቻ አይለኩት። ማታ እንቅልፍ ሳይጥልዎ እሳቸው የሚያወሩትን ለመስማት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አለመልፋት ያስፈልጋል። የባዶው ቀን አንዱ ጥቅም እሱ ነው።

ልጅዎን በተመለከተ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው፣ ማዞሩን ይንገሯት። ሐኪሙ ዘንድ ሄደው ሲመለሱ ይሁን፤ ከነመፍትሔው። «አዞረኝ፣ ታየሁ፣ እንዲህ ተባልኩ፣ የጉዞውን ሰዓት ቀይሬያለሁ» ሲሉ «አላልኩሽም?» የሚለው አፏ ላይ ቢመጣም ብዙ አይቆይም። ከሰው ከሰማችው ግን በሚቀጥለው በጋ ከበር አታሳልፍዎትም። ልጆች እናታቸው እንደምትደብቃቸው ካወቁ «ደህና ነኝ» ስትላቸውም አያምኗትም።

ሁለተኛውን እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። «አርፈሽ ተቀመጪ» የምትለው ልጅዎ ሰኞና ዓርብ ጠዋት ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። በሷ ቆጠራ መንከራተት ማለት ዋናና ሽርሽር ነው። ትንንሽ ልጆችን በሙቀት ሲያባርሩ መዋል ግን ዕረፍት ነው! ክፋት የለባትም፤ ልጅ እናቷን ስትቆጥር ሁልጊዜ ከራሷ ጀምራ ነው። የልጅ ልጆችዎን እንደሚወዷቸው አልጠራጠርም፤ ቀኑ ይቅር አልልዎትም። ግን ይናገሩ። ለምሳሌ «ልጄ፣ ስለ እኔ ማሰብሽ ደስ ይለኛል። ካሰብሽ ደግሞ ዓርብን ግማሽ ቀን አድርጊልኝ። ከሰዓቱን እኔም ልተኛበት» ይበሏት። ይህን ሲሉ ቁጣም ልመናም አይጨምሩበት። መልሷን ጸጥ ብለው ይጠብቁ፤ እርስዎው ተቸኩለው «ግድ የለም፣ ካልተመቸሽ ይቅር» ብለው አይጨርሱላት። ከአፍዎ ልትወጣ ነው ያቺ ቃል፣ አውቃታለሁ።

አበዛሁት ወይስ ልጄ ልታስረጀኝ ነው ላሉኝ፣ መልሴ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ነው። የሚቀነስ አለ፤ የሚቀንሰው ግን እርስዎ ነዎት፤ ልጅዎ አይደለችም። የሚቀነሰውም በዕድሜ ሳይሆን በፍላጎት ነው። 67 ዓመት ለዋና አይበዛም። ለማይወዱት ኮሚቴ ግን 40ም ይበዛል።

የጉልበቷን ሴትዮ ረስቼ አይደለም። መጀመሪያ ቦታ ይቀይሩ፤ «ዛሬ መስኮት በኩል ልሁን» ማለት ማንንም አያስቀይምም። መቀየር ካልተቻለ ወሬውን እርስዎ ይጀምሩት። ቁጭ ሳትል «ድሮ ምን ትሠሪ ነበር? የት አደግሽ?» ይበሏት። ብዙ ሰው ስለ ሕመሙ የሚያወራው ሌላ የሚጠይቀው ስለጠፋ ነው። ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጄፍሪ ሆል የተባለ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ትውውቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ያህል አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ፣ ለቅርብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚወስድ ገምቷል። ከሴትዮዋ ጋር ደርሶ መልስ በየቅዳሜው የተቀመጡበትን ቢደምሩት ከመንገዱ የተወሰነውን ጨርሰውታል፤ በጉልበት ወሬም ቢሆን። ሁለቴ ሞክረው ወሬው ተመልሶ እዚያው ጉልበት ላይ ካረፈ ደግሞ ኮፍያዎን ዓይንዎ ላይ ዝቅ አድርገው ትንሽ ያሸልቡ። ስትወርዱ ግን እጇን ይዘው ያውርዷት። እርስዎም በሩ ላይ የሚደግፍዎ ሰው ያስፈልግዎታል፤ እሷም ጉልበቷን ያማታል።

ሐኪሙ ምን እንዳለዎት ይጻፉልኝ።